በአራተኛው ታንክ የቀረው ውኃ

በመርከብ መኮንንነት ሥልጠና ላይ ያለ አንድ ወጣት በቅርቡ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «የወደቡ ውኃ ደፍርሶ፣ ለመርከቧ ሚዛን የምንጭነው የባላስት ውኃ ማጣሪያ ቢዘጋ፣ ጭነቱም ቢያስቸኩለን፣ ውኃውን ሳይታከም አስገብቼ መዝገቡ ላይ ‹ታክሟል› ብዬ ብጽፍ ማን ያውቃል?» ለሁለት ቀን መልስ አልሰጠሁትም። ይህንኑ ነገር እኔ ራሴ አድርጌዋለሁና።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በአንድ የጅምላ ጭነት መርከብ ላይ መኮንን ነበርኩ። ጭነታችንን አራግፈን፣ ሌላ ለመጫን ውቅያኖስ እያቋረጥን ነበር። ጭነት የሌላት መርከብ ሚዛኗን እንድትጠብቅና ፕሮፔለሯ ከውኃ በላይ እንዳይወጣ በሺህ የሚቆጠር ቶን የወደብ ውኃ በታንኮቿ ትሸከማለች። ከውኃው ጋር የዚያ ወደብ ፍጥረት ሁሉ አብሮ ይሳፈራል፤ እንቁላሉ፣ የሸርጣኑ እጭ፣ ባክቴሪያው። ማከሚያ መሣሪያ ያን ጊዜ አልነበረንም። የነበረን ዘዴ ከዳርቻ ርቀን፣ ጥልቁ ላይ የወደቡን ውኃ አውጥተን በውቅያኖስ ውኃ መተካት ብቻ ነበር። የዳርቻ ፍጥረት ጥልቁ ላይ፣ የጥልቁም ዳርቻ ላይ እምብዛም አይበረክትም።

ሥራው ከባድ ነው። ታንክ ሲራቆት የመርከቧ ሚዛን ይናጋል፣ አካሏም ከልኩ በላይ ይወጠራል፤ ስለዚህ ታንኮቹን ጥንድ ጥንድ እያደረግን በተራ እናወጣለን፣ እንሞላለን። ሦስቱን ጥንድ ጨርሰን አራተኛው ላይ ስንደርስ አየሩ ከፋ። ካፒቴኑ ፓምፑ እንዲቆም አዘዘ፤ ልክ ነበር። ማዕበሉ ሲበርድ ዳርቻው ቀርቦን ነበር።

ዋናው መኮንን ለወደቡ የሚሰጠውን ቅጽ አምጥቶ «ሁሉም ተለውጧል ብለህ ሙላው፤ አለዚያ ውጭ ያቆሙናል» አለኝ። ሞላሁት። ለብዙ ዓመታት እርሱን ስወቅስ ኖርኩ። አሁን አልወቅሰውም፤ ብዕሩ በእኔ እጅ ነበር። ቢሆንም ዋና መኮንን የሆነ ሰው ለጀማሪ እንዲህ ያለ ትእዛዝ መስጠት አልነበረበትም።

የመርከበኞቹ አለቃ ሽማግሌ ሰው ነበር። ቧንቧውን በመዳፉ ነክቶ ውኃ እየሄደ ይሁን አየር እየሳበ ይናገር ነበር፤ የተሳሳተበትን ቀን አላስታውስም። በየማለዳው የታንኮቹን ጥልቀት ለክቶ ጠርዟ በጨው በደረቀች ደብተር ላይ ያሰፍራል። ቅጹን ስሞላ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ደብተሯን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ምንም ሳይናገር ሄደ። እርሱ የጻፈውና እኔ የጻፍኩት ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ወደብ ከመድረሳችን በፊት በነበረው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የአራተኛውን ታንክ ክዳን ከፍቼ በባልዲ ቀዳሁ። በባትሪ መብራት ሳየው ውኃው ይንቀሳቀሳል። ቅንጣት የሚያካክሉ ብርሃን አሳላፊ ነገሮች ይዘላሉ፤ ከታች ደግሞ ጥፍሬን የምታክል ሸርጣን የባልዲውን ዙሪያ ትፈልጋለች። መልሼ ታንኩ ውስጥ ደፋኋት። በማግስቱ ጭነቱ ሲገባ ውኃው ወጣ፤ እርሷም አብራ።

ከዚያ በኋላ በዚያ ወደብ ምን እንደበቀለ የነገረኝ የለም። የከበደኝም ይኸው ነው። ነዳጅ ብናፈስስ ኖሮ ባሕሩ ላይ ይታይ ነበር፤ ይጠረጋልም። ሕይወት ያለው ነገር ግን ይራባል። ከአትላንቲክ ምዕራባዊ ዳርቻ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጥቁር ባሕር የገባችው ጄሊ መሰል ፍጥረት ፕላንክተኑን (በውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ፍጥረት) እና የዓሣውን እንቁላል እየበላች ተስፋፋች፤ በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ የአንቾቪ ዓሣ ምርት ተንኮታኮተ። ከልክ ያለፈ ማጥመድም ድርሻ ነበረው። እርሷን የሚበላ ሌላ እንግዳ ፍጥረት ጥቁር ባሕር ውስጥ የታየው በ1997 ነው።

ዛሬ እናንተ የተሻለ ነገር በእጃችሁ አለ። ስለ ባላስት ውኃ በ2004 የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2017 ሥራ ላይ ዋለ፤ በአንድ ሜትር ኩብ ውኃ ውስጥ መጠናቸው 50 ማይክሮሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑ ሕያዋን ፍጥረታት ከ10 በታች እንዲሆኑ ያዝዛል። ማጣሪያ፣ አልትራቫዮሌት ጨረር፣ ከባሕሩ ጨው ክሎሪን የሚሠራ ኤሌክትሪክ አላችሁ። ነገር ግን ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መብራት ስታዩ ሥራው አለቀ ትላላችሁ፤ ይህ ያናድደኛል። ጨረሩ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ሩቅ አይሄድም፤ ክሎሪን የሚሠራውም ጨው በሌለው የወንዝ ወደብ ይደክማል። ታንኩን ከፍታችሁ ደለሉን ያያችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ደግሞ ጠያቂዬን ሳስበው፣ እኛ በእርሱ ዕድሜ እንዲህ ያለውን ጥያቄ አፍ አውጥተን አልጠየቅንም።

መልሴ ይህ ነው። ማጣሪያው ከተዘጋ እጠበው፤ ፍሰቱን ቀንስ፤ ሌላ አማራጭ ከጠፋ ብቻ ሳይታከም አስገባ፤ ያስገባኸውንም ጻፍ፣ አሳውቅ። ከዚያ ጥልቁ ላይ ታንኩን አጥበህ በታከመ ውኃ ተካው። ስምምነቱ ለመርከቧ ደኅንነት ሲባል የውኃ ለውጥ እንዲቀር ይፈቅዳል፤ በእኔ ጊዜ የነበረው መመሪያም ይፈቅድ ነበር። አለመለወጣችን ጥፋት አልነበረም። ወደቡ እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ ያንን ውኃ አታፍስሱ ሊለን ይችል ነበር፤ ያንን ዕድል የነሣሁት እኔ ነኝ።

መጻፍ የነበረብኝ አንድ መስመር ነበር፤ «አራተኛ ታንክ፣ ግራና ቀኝ፣ አልተለወጠም፤ ምክንያት ማዕበል።» በሽማግሌው ደብተር ላይ እንዲሁ ተጽፎ ነበር።