አምፑል የአምፔር ልጅ ነውን?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ሱቃችን ውስጥ ክርክር ተነሣ። ባልደረባዬ፣ አምፔር የሚባል ሰው ስለፈጠረው ነው አምፑል የተባለው ይላል። እውነት ነው? ለመሆኑ አምፑል ነው አምፖል? ደግሞስ 60 ዋት ነው ወይስ 60 ዋቶች?»

ባልደረባዎ እንዳይቀየሙኝ እንጂ ተሳስተዋል። አንድሬ ማሪ አምፔር ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1836 ነው፤ የኤዲሰን አምፑል የበራው በ1879። ፈረንሳዊው ሊቅ የደከመው በኤሌክትሪክና በማግኔት ዝምድና ላይ ነበር። ስሙም መለኪያ ሆኖ የጸደቀው በ1881 ፓሪስ ላይ በተደረገው ጉባኤ፣ ከኢጣሊያዊው ቮልታና ከጀርመናዊው ኦም ስም ጋር ነው። (ምስኪን ቮልታ! መጨረሻውን «አ» ቆርጠው «ቮልት» አደረጉት።)

አምፑል ግን የሰው ስም የለበትም። በፈረንሳይኛ «አምፑል» ብልቃጥ ነው፤ ምንጩ የላቲኑ «አምፑላ»። አምፑላ ደግሞ «አምፎራ» ለሚባለው የጥንት እንስራ የማሳነሻ ስም ነው። ወደ ግሪክ ከዘለቅን «አምፊ» በሁለት ወገን፣ «ፌሮ» ተሸከመ፤ በሁለት ጆሮው የሚያዝ እንስራ ማለት ነው። ሩቅ ሄድን? ጤና ጣቢያ ይግቡና ይመልከቱ፤ ነርሷ አንገቱን ቀጭ አድርጋ ሰብራ መርፌዋን የምትሞላበት ትንሽ ብልቃጥም አምፑል ነው። ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል?

አንዳንዶች «ኮረንቲ ከኢጣሊያንኛ እንደመጣ አምፖልም ከዚያው ነው» ይላሉ። ኮረንቲን ልቀቅላቸው፤ «ኮሬንቴ» ነው፤ ከፈረንሳይኛው «ኩራን» ቢወሰድ ኖሮ ያቺ የመጨረሻዋ «ቲ» ከየት ትመጣ ነበር? አምፖል ላይ ግን አልስማማም። ኢጣሊያኖች አምፑሉን የሚሉት «ላምፓዲና» ነው። «አምፖላ» የሚል ቃል አላቸው፤ ብልቃጥ ማለት ነው። ከእሱ ወስደን ቢሆን ኖሮ እንደ መኪና፣ እንደ ጎማ፣ እንደ ፖስታ መጨረሻውን «አ» ይዘን አምፖላ እንል ነበር። የ«ፖ»ዋ ነገርስ ይሉኝ ይሆናል። እሷ ትንሽ ታስቸግረኛለች። ቢሆንም ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲገባ ስንት ፈረንሳይኛ አብሮ ወረደ! የለገሃር ሰው «ለገሃር» ሲል «ላ ጋር» ማለቱ እንደሆነ ማን ያስታውሰዋል? እኔን ከጠየቁኝ አምፑልም የዚያው ባቡር ተሳፋሪ ነው።

ስለዚህ እኔ የምጽፈው አምፑል ብዬ ነው። አምፖል ስሰማ ጆሮዬን ይቆረቁረኛል። ግን ገበያ ወጥቼ «አምፑል ስጠኝ» ስል ሻጩ «አምፖል?» ብሎ አርሞኝ ያውቃል፤ ብዙ ሰውም እንደሱ ነው የሚለው፣ የሚጽፈውም። ቃሉን ተረክበውታል፤ ስህተት ነው ለማለት አፌ አይደፍርም። ላምባንም አይተናል፤ በዐረብኛ መብራቱ ነበር፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ የኩራዙ ጋዝ ሆነ።

ዋቶች የሚለውን ግን በፍጹም አልቀበልም። አምስት ኪሎ ስኳር፣ ሦስት ሜትር ሽቦ ይላሉ እንጂ ኪሎዎች፣ ሜትሮች ብለው ሸጠው ያውቃሉ? 60 ዋት። አበቃ። ሌላም አለ፤ ደንበኛ «ይሄ አምፑል ስንት አምፔር ነው?» ቢልዎ አይሳቁበት። 60 ዋቱን ለ220 ቮልት ያካፍሉለት፤ 0.27 ገደማ ይወጣል። ሩብ አምፔር አለፍ ያለ ነው፤ በአምፑሉ ውስጥ ያለው የአምፔር ድርሻ ያው እሱ ነው።

ባልደረባዎ የግድ የፈልሳፊ ስም ካላገኘሁ ካሉ፣ ከመደርደሪያው ተጠምዝዞ የሚገባውን አምፑል ያውርዱና ካርቶኑን ያሳዩዋቸው። «ኢ27» ይላል። 27ቱ የጥምዙ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ «ኢ» ኤዲሰን።