ካሜራውን ከማዘንበላችሁ በፊት

ልጆች፣ ሰሞኑን የምታሳዩኝን ፎቶ ሳይ አንገቴን ማዘንበል ለምጃለሁ። ሙሽሮቹ ዘመዋል፣ ሕንፃው ዘሟል፣ የማኪያቶው ብርጭቆ እንኳ ዘሟል። የዘንበል ያለ አንግል ጠላት አይደለሁም። ግን ብዙ ጊዜ ካሜራው የሚዘነበለው ፎቶው ባዶ መስሎ ሲታይ ነው። ባዶ ፎቶ ደግሞ ቢያዘነብሉትም ባዶ ነው።

መጀመሪያ ሰያፍ መስመሩን ከቦታው ላይ ፈልጉ። በዚህስ አዲስ አበባ አትታማም። ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ቸርችል ጎዳና ራሱ ቁልቁለት ነው። ከመንገዱ ማዶ ቁሙና ካሜራውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። መስኮቶቹ አግድም፣ አስፋልቱ ሰያፍ ሆኖ ይመጣል። ዓይን ቁልቁለቱን የሚያውቀው ከመስኮቶቹ ጋር እያስተያየ ነው። አስፋልቱን ለጥ ለማድረግ ካሜራውን ካዘነበላችሁ ቁልቁለቱ ይጠፋና ሕንፃዎቹ ይሰክራሉ።

የቆማችሁበት ማዶም ለውጥ አለው። እንደ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ የለመደ ዓይን፣ ከታች ከግራ ተነስቶ ወደ ቀኝ የሚወጣ መስመር ዳገት ይመስለዋል። ተቃራኒው ቁልቁለት ነው። ያው መንገድ ከአንዱ ጠርዝ ዳገት፣ ከሌላው ጠርዝ ቁልቁለት ይሆንላችኋል።

አሁን ደግሞ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካለ ሊስትሮ ፊት፣ በእሱ ቁመት ልክ ቁጭ በሉ። የደንበኛው እግር ሣጥኑ ላይ ወጥቷል። ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት አንድ ሰያፍ ነው። ብሩሽ የያዘው ክንድ ከወዲያ በኩል ይመጣና ሁለቱ ጫማው ላይ ይገናኛሉ። ተመልካች ሳይወድ በግዱ ጫማውን ያያል። ካሜራው ግን ቀጥ እንዳለ ነው። ብታዘነብሉት ኖሮ ሣጥኑ የሚንሸራተት ይመስል ነበር፤ ዓይንም ከእጁ ሸሽቶ ሣጥኑን ያይ ነበር። (አስፈቅዱት። ሥራ ካስፈታችሁትም ሒሳቡን ክፈሉ።)

ታዲያ መቼ ይዘንበል? የሚኒባስ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ፒያሳ! ፒያሳ!» ሲል አይታችሁታል። ካሜራውን በእሱ ሰውነት ልክ አዘንብሉት። ያን ጊዜ እሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ታክሲው፣ ምሰሶው፣ መንገዱ ሁሉ ወደ ጎን ይወድቃል። እሱ የለመደውን ሥራ ሲሠራ ከተማው ነው የሚንገዳገደው። ይህ ምክንያት ያለው ማዘንበል ነው። ማዘንበል ከቆረጣችሁ ደግሞ ደፈር በሉ፤ 15 ወይም 20 ዲግሪ ይሁን። 2 እና 3 ዲግሪ የሆነ እንደሆነ ሰው የሚለው «እጁ ተንቀጥቅጧል» ነው። ፈሳሽ ካለበትም ተጠንቀቁ። የማኪያቶው ወለል ያጋደለ ከሆነ ሰው ፎቶውን ትቶ እንዳይደፋ ይሳቀቃል።

አሌክሳንደር ሮድቼንኮ የሚባለውን ሩሲያዊ ፈልጋችሁ እዩት። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሞስኮ ውስጥ ሕንፃውን ከሥር ወደ ላይ፣ አደባባዩን ከላይ ወደ ታች ያነሳ ነበር። ካሜራን እምብርት ላይ ይዞ ማንሳት አይጥመውም። በ1930 ባነሳው የደረጃ ፎቶ ልጅ ያቀፈች ሴት ትወጣለች፤ የደረጃዎቹ ጥላና ብርሃን ፍሬሙን በሰያፍ ይሰነጥቁታል። ከሁሉ በፊት ግን ሴትዮዋን ነው የምታዩት። እኔ ከእሱ የምወድለት ይህን ነው።

አንድ የምትደባልቁት ነገር አለ። ካሜራን ወደ ላይ ማቅናትና ወደ ጎን ማዘንበል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመውን የንግድ ባንክ ሕንፃ ከሥሩ ቆማችሁ ቀና ብላችሁ ስታነሱ፣ ጠርዞቹ ወደ ላይ እየጠበቡ የሚሄዱት ስለቀናችሁ ነው። በሰፊ ሌንስ ደግሞ ይብሳል። እዚያ ላይ ወደ ጎን ካዘነበላችሁት ሕንፃው ከጥግ እስከ ጥግ ይዘረጋል። ለቁመቱ ጥሩ ነው፤ በፍሬም ውስጥ ከሰያፉ የሚረዝም ቀጥ ያለ መስመር የለምና። ብቻ ጫፉን የፍሬሙ ጥግ ላይ አትሰኩት፣ ትንሽ ፈቀቅ አድርጉት።

ጥላ ከፈለጋችሁ በማለዳ ውጡ። እኩለ ቀን ላይ የአዲስ አበባ ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ጥላ እግር ሥር ይሰበሰባል።

«ኋላ ስልኬ ላይ አዞረዋለሁ» የምትሉም አላችሁ። ሒሳቡን ስሙ። 3 ለ2 የሆነ ፎቶ 10 ዲግሪ አዙራችሁ፣ ቅርጹን ሳትለውጡ ባዶውን ጥግ ስትቆርጡ፣ ከፎቶው ከሲሶ በላይ ይሄዳል። የሚሄደውም ዳር ዳሩ ነው፤ የተዘረጋ እጅ ካለ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ስለዚህ እዚያው ቆማችሁ አዘንብሉት፤ ካልሆነ ሰፋ አድርጋችሁ አንሱ። ቀጥ ያለውንም አንድ ያዙ፤ ለጋዜጣ ከሆነ የሚጠየቀው እሱ ነው።