ፋይል ይዘጋል፣ ይቆለፋል ወይስ ይያዛል?

ጥያቄ፦ በሲ ቋንቋ ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ በአማርኛ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው። አንድ ፕሮግራም ፋይል ላይ ሲጽፍ ሌላው እንዳይገባበት «ሎክ» ያደርገዋል። ይህን ምን ልበለው? ባልደረባዬ «መዝጋት» በለው ይላል፤ እኔ «መቆለፍ» ብያለሁ። ደግሞስ «የትልቅ ፋይል ድጋፍ» ያስኬዳል?

መልስ፦ ከባልደረባዎ ልጀምር። «መዝጋት» አይሆንም። በሰፈር አነጋገር «በሩን ዘግተህ ና» ስንል መቆለፉም ይገባበታል፤ እውነት ነው። ኮምፒውተር ላይ ግን ቃሉ ሌላ ሥራ አለው፦ የተከፈተ ፋይል ይዘጋል። ይባስ ብሎ በፖዚክስ (ሊኑክስና መሰሎቹ በሚከተሉት የጋራ መስፈርት) ደንብ ፕሮግራሙ ፋይሉን ሲዘጋ ሎኩም አብሮ ይለቀቃል። ያውም ፋይሉን ሁለቴ ከፍቶት ከሆነ፣ አንዱን ብቻ ቢዘጋ እንኳ በፋይሉ ላይ የነበረው ሎኩ ሁሉ ይጠፋል። ስንቱን ፕሮግራመር ሌሊት ያስቀመጠ ጉዳይ ነው። እናም ተማሪዎ «ዝጋው» ተብሎ ቢዘጋው፣ የተፈለገውን ተቃራኒ አደረገ ማለት ነው።

«መቆለፍ» ይሻላል። ከግሱ ጋር ጠብ የለኝም፤ ችግሩ ስሙ ላይ ነው። በር የሚከፍተውም ቁልፍ ነው፣ በሩ ላይ የተገጠመውም ቁልፍ ነው፣ የሸሚዙም ቁልፍ፣ ኪቦርዱ ላይ የምንጫነውም ቁልፍ። «የፋይሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» ቢሉት ተማሪው የይለፍ ቃል ፍለጋ ይሄዳል። «ጓጉንቸር» ብንለው ይለይልን ነበር፤ ግን እኔ ራሴ ሳልስቅ አልጨርሰውም።

ሌላም አለ። የተቆለፈ ነገር ያለ ቁልፉ አይከፈትም። የፋይል ሎክ ግን በሊኑክስ ላይ መግባቢያ እንጂ ክልከላ አይደለም። «የያዘው አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ፕሮግራም ይጠብቃል። ሳይጠይቅ የሚገባውን የሚያቆመው የለም። የሚያስገድድ ዓይነትም ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) 5.15 ጀምሮ ተነሥቷል። ዊንዶውስ ግን ያስገድዳል፤ እዚያ «ተቆልፏል» ቢሉ ያምርብዎታል።

የቦኖ ውኃ ወረፋ ትዝ ይልዎታል? ጀሪካኖቹ ተደርድረዋል፣ ባለቤቶቹ የሉም። ቢጫዋ ጀሪካን ማንንም አታስቆምም። ወረፋ የሚያውቅ ከኋላዋ ይሰለፋል፤ የማያውቅ በእግሩ ገፋ አድርጓት ያልፋል። ይህን ማንም ሰው «ቆለፈ» አይለውም። ቦታ ያዘ ነው የሚለው። ስለዚህ እኔ የምመርጠው፦ ፋይሉን ያዘ፣ ፋይሉ ተይዟል፣ ፋይሉን ለቀቀ። ስሙም «ይዞታ»።

«ይዞታ» የመሬት ነው ይሉኝ ይሆናል። እኔም የወደድኩት ለዚያ ነው! ብዙ ፕሮግራሞች አብረው የሚያነቡበት «የጋራ ይዞታ» ይሆናል፤ አንዱ ሊጽፍ ለራሱ የሚወስደው «የብቻ ይዞታ»። «ፍሎክ» (flock) የሚባለው ጥሪ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲስተሙን የሚጠይቅበት ትእዛዝ፣ ሙሉውን ፋይል ይይዛል። «ሎክኤፍ» (lockf) ግን ከዚህ ባይት እስከዚያ ባይት ብሎ፣ ድንበር ለክቶ መያዝ ይችላል። ሁለት ፕሮግራሞች አንዱ የያዘውን ሌላው እየጠበቀ ሁለቱም ሲቆሙስ? «ተፋጠጡ» ይበሏቸው።

ወደ «ድጋፍ» ልምጣ። እኔን የሚታየኝ የድጋፍ ሰልፍ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ባለ 32 ቢት ሲስተም ላይ በፋይሉ ውስጥ የት እንደደረስን የሚቆጥረው ቁጥር፣ አንዷ ቢት ለመደመርና መቀነስ ምልክት ስለምትሄድ፣ ከ2,147,483,647 አያልፍም። በባይት ሲሰላ ሁለት ጊጋ ገደማ ነው። ከዚያ የበለጠ ፋይል ለመክፈት ሲሞከር ስሕተት ይመጣል። ላይብረሪው (ፕሮግራሙ የሚገለገልበት የሲ ዝግጁ ኮድ) በ64 ቢት እንዲቆጥር ከታዘዘ ግን ያለ ችግር ይከፍተዋል። ለዚህ አማርኛ «ቻለ» አለው። ጋሪው አምስት ኩንታል ይችላል እንደምንለው፣ «ላይብረሪው ትልልቅ ፋይል ይችላል» ይበሉ። «ይይዛል» እንዳይሉ ብቻ፤ «ያዘ»ን አሁን ለሎክ ሰጥተነዋል። «ከባድ ፋይል»ን ደግሞ ቴሌግራም ላይ አልላክ ላለው ይተዉት።

ተማሪዎችዎ በአፋቸው «ሎክ አርገው» ማለታቸው አይቀርም፤ ይበሉ። ማስታወሻው ላይ ግን እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «ፕሮግራሙ ፋይሉን ይከፍታል፤ ለብቻው ይይዘዋል፤ ጽፎ ሲጨርስ ይለቀዋል፤ ከዚያ ይዘጋዋል።»