ኮዴይን፣ ትራማዶል እና የእኛ ጉበት

እህታችን፣ ጥያቄሽን አንብቤዋለሁ። በቅርቡ በኦፕራሲዮን ልትወልጂ ነው፤ ሐኪምሽ ኢትዮጵያዊት መሆንሽን አይታ ለሕመም ማስታገሻው የዘረ መል ምርመራ እናድርግ አለችሽ፤ ወንድምሽ ደግሞ ውጤቱ ኢንሹራንሶች እጅ ይገባል ብሎ አስፈራራሽ። ሜሪላንድ ውስጥ ፋርማሲስት ስለሆንኩ ሁለቱንም ወሬ በየጊዜው እሰማለሁ። ሐኪምሽ ልክ ናት። ወንድምሽም ዝም ብሎ አልፈራም፤ የፈራው ግን ሌላ ዓይነት ምርመራን ነው።

ኮዴይን ሕመም የሚያስታግሰው በአብዛኛው ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። ለዋጩ ሲ.ዋይ.ፒ. 2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ነው። አብዛኛው ሰው የዚህ ኢንዛይም ዘረ መል ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። ሦስትና ከዚያ በላይ ያለው ሰው ግን በተለመደው መጠን ከሚጠበቀው በላይ ሞርፊን በፍጥነት ደሙ ውስጥ ይገባል፤ አደጋውም ይኸው ነው። በስዊድን የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ተጨማሪ ቅጂ ተገኝቶባቸዋል። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ቁጥሩ ከ1 እስከ 2 በመቶ አካባቢ ነው። የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴይን ያለባቸውን መድኃኒቶች ያገደው ለዚህ ነው።

እገዳው አብዛኛው ሰው ያለ ችግር ሊወስደው የሚችለውን መድኃኒት ከሁሉም ላይ አነሳ የሚል ቅሬታ አለ። እኔ ግን ምርመራው በየፋርማሲው በሌለበት አገር ሌላ ምን ሊደረግ ይችል እንደነበር አይታየኝም። ምርመራው ባለበት በአሜሪካ ሰውን በትውልድ አገሩ ብቻ መመደብ ግን ስንፍና ነው። አገርሽ ለመጠርጠር ይበቃል፤ ለመወሰን አይበቃም። «ኢትዮጵያዊት ስለሆንሽ» መባልሽ ቅር እንዳሰኘሽ ጽፈሻል፤ ይገባኛል፤ ሐኪምሽ ግን ያለችው «አይሰጥሽም» ሳይሆን «እንየው» ነው።

እኔ ጋ በተደጋጋሚ የሚያጋጥመው እንዲህ ነው። የወለደች እናት ኮዴይን ያለበት ታይለኖል (ፓራሲታሞል) ታዞላት ትመጣለች። ጡት ታጠቢያለሽ ወይ ስላት አዎ ትላለች። ወደ ሐኪሙ ቢሮ እደውላለሁ፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የመጀመሪያ መልስ «እንግዲያው ትራማዶል ስጣት» የሚል ነው። ትራማዶልም የሚበረታው በዚያው ኢንዛይም ነው! የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2017 የሚያጠቡ እናቶች ሁለቱንም እንዳይወስዱ ያስጠነቀቀው ሞርፊኑም ሆነ የትራማዶሉ ውጤት በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ስለሚያልፍ ነው። ስለዚህ ምርመራው ቢዘገይ እንኳ አትጨነቂ፤ ተራ ታይለኖልና አይቡፕሮፌን ለብዙ እናቶች ይበቃሉ፤ ለአንቺ የሚስማማሽን ከሐኪምሽ ጋር አሁኑኑ ተነጋገሩበት። ከዚያ የጠነከረ መድኃኒት ከተሰጠሽና ሕፃኑ ከወትሮው በላይ ከተኛ፣ ጡት አልይዝ ካለ፣ ከዛለ ወይም ትንፋሹ ከከበደ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ 911 ደውይ።

ምርመራው ራሱ ቀላል ነው፤ ጉንጭሽን ከውስጥ በጥጥ ጠረግ አድርገው ወይም ደም ቀድተው ይወስዳሉ። ኢንሹራንስሽ ይከፍል እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። ውጤቱ «እጅግ ፈጣን» የሚል ከሆነ፣ ማለትም ኢንዛይሙ መድኃኒቱን ከወትሮው በላይ ቶሎ የሚለውጥ ከሆነ፣ ከሆስፒታሉ ወረቀት ላይ እንዳይቀር፤ ፋርማሲሽም መድኃኒት በታዘዘልሽ ቁጥር ማስጠንቀቂያው እንዲታየው አለርጂ በሚመዘገብበት ቦታ እንዲያሰፍርልሽ ጠይቂ።

ወደ ወንድምሽ ልመለስ። ጂና የሚባለው የአሜሪካ ሕግ (እ.ኤ.አ. 2008) የጤና ኢንሹራንስ ኩባንያዎችና 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ቀጣሪዎች የዘረ መል ውጤትን ተመርኩዘው እንዳያዳሉ ይከለክላል። የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይነካም። የጡት ካንሰር ስጋትን የመሰለ ምርመራ ለማድረግ ካሰብሽ የሕይወት ኢንሹራንሱን ቀደም ብሎ መግባት ብልህነት ነው። ለሕመም ማስታገሻው የሚደረግልሽ የዘረ መል ምርመራ ግን እንደዚያ የሚያሰጋ አይመስለኝም። በፖስታ ምራቅ ልከሽ ዘርሽን የሚነግሩሽ ኩባንያዎች ደግሞ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 6.9 ሚሊዮን የሚጠጉ ደንበኞቹ መረጃ ተሰርቆበታል፤ በ2025 መክሰሩን ለፍርድ ቤት ሲያስታውቅም ያ ሁሉ የዘረ መል መረጃ ከሚሸጠው ንብረት ጋር አብሮ ቀርቧል። ወንድምሽ የሰማው ይህን ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ተጨማሪ ቅጂ ከተገኘብሽ ከወላጆችሽ የወረስሽው ነው፤ ወንድምሽም ሊኖረው ይችላል። አገር ቤት ያሉ ወላጆች ካሉሽ በተለይ ስለ ትራማዶል ንገሪያቸው፤ እዚያ በብዛት ይታዘዛል። የመድኃኒቱን ስም ወረቀት ላይ ጽፈው ለሐኪም ያሳዩ። ውጤትሽን ግን በቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ አትለጥፊው፤ የአንቺ ውጤት በከፊል የእነሱም ስለሆነ ለየብቻ ደውለሽ ንገሪያቸው።