የእህትህን ሰርግ ከትልቁ ሻንጣ አውጣው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ለትምህርት ወደ ጀርመን ልትሄድ ነው። መነሻህ ጅማ ነው፣ ከዚያ ቦሌ፣ ከዚያ አውሮፕላን የምትቀይርበት አንድ አገር። የአጎትህን ዜኒት የፊልም ካሜራ ይዘሃል። ምንም ያልተነሳባቸው አምስት ፊልሞች አሉህ። የእህትህ ሰርግ የተነሳባቸው፣ ገና ያልታጠቡ ሦስት ፊልሞች ደግሞ አሉህ። የፍተሻው ማሽን ያቃጥልብኛል ወይ? ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ብከታቸው ይሻላል ወይ? በፎይል ጠቅልላቸው ያለኝ ሰው አለ፣ እውነቱን ነው ወይ? ያልከው ይህን ነው።

ከመለሱልህ ልጆች ግማሾቹ "ምንም አይሆንም" ብለዋል። ግማሾቹ "አለቀልህ" ብለዋል። ሁሉም እውነታቸውን ነው፤ ያለፉበት ማሽን ስለሚለያይ ነው።

ከትልቁ ሻንጣ ልጀምር፣ እኔን ያቃጠለኝ እሱ ስለሆነ። ከዓመታት በፊት በቡና ለቀማ ወቅት አጋሮ አካባቢ ሁለት ሳምንት ከርሜ ሰባት ፊልም አነሳሁ። ከዚያ ለሥራ ወደ ውጭ ስሄድ እዚያ አሳጥባቸዋለሁ ብዬ ይዣቸው ወጣሁ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነው ነገሩ የመጣው። የእጅ ሻንጣ በማሽን ሲያልፍ በዓይኔ አያለሁ። ትልቁ ሻንጣ ግን በላስቲኩ ላይ ተንሸራቶ ከመጋረጃው ጀርባ ይጠፋል። ስለማላየው የማይነካ መሰለኝ። ፊልሞቹን በካልሲ ጠቅልዬ ከታች ቀበርኳቸው።

ሲታጠቡ ሰባቱም ላይ እንደ እባብ የሚሄድ ነጣ ያለ መስመር ወጣ። ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው እየተጠማዘዘ ይሻገራል። ቡና የሚለቅሙ አንዲት እናት ነበሩ፣ ከፎቶዎቹ ሁሉ የምወደው የእሳቸው ነበር። መስመሩ ልክ በፊታቸው ላይ አለፈ። የትኛው አየር ማረፊያ እንደሠራኝ አላውቅም፤ በሦስት ነው ያለፍኩት። ጥፋቱ ግን የራሴ ነው።

የትልቁ ሻንጣ ማሽን ከእጅ ሻንጣው በጣም ይጠነክራል። አንዳንዱ መጀመሪያ ለዘብ ባለ ጨረር ያያል፣ የተጠራጠረው ነገር ካገኘ ደግሞ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው ኃይለኛ ጨረር በዚያ ቦታ ላይ ይለቃል። ፊልሙ ተጠቅልሎ ስለሚቀመጥ ያ ቀጥ ያለ ጨረር ፊልሙ ሲዘረጋ ማዕበል ሆኖ ይታያል። የኔ እባብ ከዚያ ነው የመጣው። ስለዚህ ያልታጠበ ፊልም፣ የተነሳበትም ያልተነሳበትም፣ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። በዚህ ላይ ክርክር የለም።

አሁን ወደ እጅ ሻንጣው። ፊልም ላይ ብርሃን የሚይዘው ከብር የተሠራ ጥቃቅን ቅንጣት ነው። ለዚያ ቅንጣት የመስኮት ብርሃንም የማሽን ጨረርም አንድ ነው፣ ሁለቱም ይነኩታል። ጨረሩ ሲበዛ ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ ግራጫ ይሆናል፣ ፎቶው ጭጋግ የገባበት ይመስላል። ደግሞ አይረሳም። ዛሬ አንድ ጊዜ፣ ነገ አንድ ጊዜ ካለፈ ይደመራል። ፈጣን ፊልም፣ ማለትም በትንሽ ብርሃን የሚያነሳው፣ ደግሞ ቶሎ ይጎዳል። 200 ከ400 ይሻላል፣ 400 ከ800 ይሻላል። 3200 የሆነውን ምንም ማሽን ባያየው ነው የሚሻለው። ፍጥነቱ ሳጥኑ ላይ አይኤስኦ ተብሎ ተጽፏል። የድሮ ፎቶ አንሺዎች አሳ ይሉታል፤ ልጅ ሆኜ ለረጅም ጊዜ የሚበላው ዓሣ ይመስለኝ ነበር።

የእጅ ሻንጣ ማሽን ሁለት ዓይነት ነው፣ ልጆቹ የተከራከሩትም በዚህ ነው። የድሮው ዕቃውን ጠፍጣፋ አድርጎ በብርቱካናማ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቀለም ያሳያል። እስከ 800 ያለ ፊልም በዚህ ጥቂት ጊዜ ቢያልፍ በዓይን የሚታይ ጉዳት አይኖረውም። አምስት ጊዜ የሚደርስ ከሆነ ግን በእጅ ይፈተሽ ይላሉ አምራቾቹ። አዲሱ ሐኪም ቤት የምናውቀው የሲቲ ስካን ወንድም ነው። ዕቃውን ከዙሪያው ሁሉ ያነሳዋል። ኮዳክ በዚህኛው አንድ ጊዜ ማለፍ ራሱ ፊልም ይጎዳል ብሎ አስጠንቅቋል። 200 ነው 400 ነው ብለህ አትጽናና።

እንዴት ትለያቸዋለህ? አዲሱ ወፍራምና ክብ ጎን ያለው ነው፣ የፈታሹ ስክሪን ላይ ሻንጣህ እንደ አሻንጉሊት ሲሽከረከር ታያለህ። ሌላም ምልክት አለ። "ላፕቶፕ አታውጡ፣ ፈሳሽም እዚያው ይሁን" ከተባልክ ሲቲ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። የድሮው ላይ አውጡ ነው የሚሉህ። ማሽኖች በየጊዜው ይቀየራሉ፣ ባለፈው ዓመት ያለፈ ሰው የነገረህን አትመን። ሰልፍ ላይ ሆነህ በዓይንህ እይ።

የበሮቹን ቁጥርም አስላ። ጅማ አባ ጅፋር ላይ ትፈተሻለህ። ቦሌ ስትደርስ ተርሚናሉ በር ላይ ገና ስትገባ ሻንጣህ በሙሉ በማሽን ያልፋል፣ ወደ አውሮፕላኑ ከመግባትህ በፊት ደግሞ እንደገና። መቀየሪያው አገር ላይ ሌላ አለ። አራት አምስት ሳታስበው ይሞላል።

እዚህ ላይ ማንም የማይነግርህን ልንገርህ። እናትህ የሚሰጡህን በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶና የተቆላ ቡና ከፊልሙ ጋር በአንድ ቦርሳ አትክተት። ዱቄትና ጥቅጥቅ ያለ ነገር ስክሪኑ ላይ ስለማይለይ ፈታሹ ቦርሳውን መልሶ ያሳልፈዋል፣ አንዳንዴ ሦስቴ። በርበሬው ምንም አይሆንም፣ ፊልምህ ግን በአንድ በር ሦስት ጊዜ ተመታ ማለት ነው። በርበሬው ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ፊልምና በርበሬ ቦታ ይቀያየሩ።

ፎይሉን እርሳው። የዳቦ መጠቅለያ ፎይል ለዚህ ጨረር የሌለ ያህል ነው። የእርሳስ ከረጢት የሚሸጡም አሉ፣ እኔም ገዝቼ ነበር። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ሲታይ ፈታሹ ምን እንደሆነ ማየት አለበት፣ ስለዚህ ያስከፍትሃል ወይም መልሶ ያሳልፈዋል። ሲቲ ላይ ደግሞ እሱም አያድንም። የኔ አሁን ቤት ውስጥ የወረቀት መጫኛ ሆኗል።

የሚያድንህ በእጅ እንዲፈተሽልህ መጠየቅ ነው። ፊልሞቹን ከካርቶን ሳጥናቸው አውጣ። ውስጡ የሚታይ ዚፕ ያለው ላስቲክ ውስጥ ብቻቸውን አድርጋቸው። ቦርሳውን ማሽኑ ላይ ከመጫንህ በፊት ላስቲኩን በእጅህ ይዘህ ለፈታሹ ስጥ። አንዴ ማሽኑ ውስጥ ከገባ በኋላ "ቆይ ቆይ" ማለት ዋጋ የለውም። ፈታሹ ሊያያቸው፣ በጨርቅ ጠረግ አድርጎ ሊመረምራቸው ይችላል። ያ ፊልሙን አይነካውም። በአሜሪካ አየር ማረፊያዎች ይህን መጠየቅ ይፈቀዳል። አውሮፓ ላይ ግን በፈታሹ ፈቃድ ነው፣ እምቢ ሊልህ ይችላል። እምቢ ካለ አትጨቃጨቅ፣ ረጋ ብለህ ሌላ ኃላፊ ካለ ጠይቅ። ለዚህ ነው ቀደም ብለህ ድረስ የምልህ። በረራው ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ማንም ፊልምህን ቁጭ ብሎ አያይልህም።

ጅማ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ጠዋት ከሆነ በኦሮምኛ "አካም ቡልተን" ብለህ ጀምር፣ ካሜራውን አሳይ፣ "የእህቴ ሰርግ ነው፣ ገና አልታጠበም" በል። አንድ ጊዜ እዚያ አንዲት ፈታሽ ፊልሞቼን አንድ በአንድ አገላብጣ አየችና "እንዴ፣ ይሄ ነገር አሁንም አለ?" አለችኝ። የአባቷን የድሮ አልበም እያስታወሰች ሳቀች፣ አሳለፈችኝ። ወጣት ፈታሽ ከገጠመህ ግን ፊልም ምን እንደሆነ ከማስረዳት ትጀምራለህ። ብርሃን ሲያይ ይቃጠላል፣ እንዳትከፍተው በል። ይህን ሳትናገር አሳልፈህ እንዳትሰጥ።

ካሜራው ውስጥ ፊልም ትተህ አትሂድ። ይህ ከማሽኑ ይልቅ ያስፈራኛል። ዜኒት ከባድ ብረት ነው፣ ያጠራጥራል፣ ክፈተው ይሉሃል። አንዳንዱ ፈታሽ ራሱ ጀርባውን ሊከፍተው ይችላል። ከመሄድህ በፊት ባለው ቀን ጠቅልለህ አውጣው።

ፊልሙን ኪሴ ከትቼ እኔ በማልፍበት የብረት በር ብሻገርስ ብሎ የጠየቀ ልጅ ነበር። በሩ ፊልም አይጎዳም። ግን የፊልሙ ቆርቆሮ ያስጮኸዋል፣ ተመልሶ እዚያው ሰልፍ ነው። የታጠበ ኔጋቲቭ፣ የታተመ ፎቶና የስልክ ሚሞሪ ደግሞ በየትኛውም ማሽን ቢያልፉ ምንም አይሆኑም።

ይህ ነው ዋናው ነጥብ። የታጠበ ፊልም አይጎዳም። ስለዚህ እኔ በአንተ ቦታ ብሆን የሰርጉን ፊልሞች ሳላሳጥብ አገር አልለቅም። ቀለም ይሁኑ ጥቁርና ነጭ አልጻፍክም። ጥቁርና ነጭ ከሆኑ ቤት ውስጥ ይታጠባሉ፣ መሣሪያው እኔ ጋ አለ። ቀለም ከሆኑ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ላይ ተጠብቆ ነው የሚታጠበው፣ ልምድ ያለው ሰው ይፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ አጠያይቅ። ካላገኘህ ይዘሃቸው ሂድ፣ ግን በእጅ አስፈትሽ፣ ጀርመን በደረስክ በሳምንቱ አሳጥባቸው። እዚያ ዴኤም እና ሮስማን የሚባሉ ሳሙናና ሻምፑ የሚሸጡ ሱቆች ፊልም ተቀብለው ያሳጥባሉ። እኛ ጋ ፎቶ ቤቱ ሁሉ ማጠብ ከተወ ስንት ጊዜው፣ እነሱ ሳሙና ቤት ውስጥ ያሳጥባሉ።

ቡናን ካነሳን አይቀር፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም በቡና ይታጠባል ብልህ ታምናለህ? በፈረንጆች 1995 በአሜሪካ ሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ስኮት ዊልያምስ የሚባል መምህር ከተማሪዎቹ ጋር የሠራው ነው፣ ካፌኖል ይባላል። እኔ የምጠቀምበት ልክ ለአንድ ሊትር ውሃ 54 ግራም የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ 16 ግራም የቫይታሚን ሲ ዱቄትና 40 ግራም የሚሟሟ ቡና ነው። በ20 ዲግሪ 15 ደቂቃ። ከዚያ ግን ፊክሰር፣ ምስሉን ብርሃን እንዳያበላሸው የሚያጸናው ኬሚካል፣ የግድ ነው። ሽታው የሞተ ዓሣ ነው፣ ባለቤቴ በረንዳ ላይ አስወጥታኛለች። የሚያናድደው ደግሞ የኛ ምርጥ የጅማ ቡና ለዚህ አይመረጥም። ሮቡስታ ከሚባለው የቡና ዓይነት የሚሠራው ርካሽና መራራ ዱቄት ይበልጠዋል። ሰርግ ላይ ግን ሙከራ አትጀምር፤ በሌላ ፊልም ተለማመድ።

ጊዜ ካለህ ከጅማ አዲስ አበባ በመኪና ሂድ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቀኑን ይበላል፣ ግን የጅማውን ማሽን ታስቀራለህ። ፊልሙን መስኮቱ ሥር ወይም ከታች ዕቃ መጫኛው ውስጥ አታድርገው። የጊቤ ቆላ ላይ ሙቀቱ ይበረታል፣ ፊልም ሙቀት አይወድም። ቦርሳህን እግርህ ሥር ጥላ ውስጥ አድርግ።

አምስቱን ያልተነሳባቸውን ፊልሞች ግን ለምን ትሸከማቸዋለህ? ጀርመን ፊልም ይሸጣል። እዚህ ነው የጠፋው። ለመንገድ አንድ ያዝ፣ ሌሎቹን ተዋቸው። እኔ እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ነኝ፣ ሰርጉን ለማሳጠብ ስትመጣ ይዘሃቸው ና። አራቱን በዋጋቸው እገዛሃለሁ።