ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የበዓል ዶሮ፣ በረኪና እና የማያልቅ እጥበት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አዲስ አበባ የምኖር የ34 ዓመት እናት ነኝ። ንጽሕና ታበዣለሽ ይሉኛል፤ ከጀመረኝ ስድስት ዓመት አልፎታል። በዓል ሲመጣ ይብስብኛል። የገና ዋዜማ አንዱን ዶሮ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ሳጥብ አመሻለሁ። በበረኪና ስለምታጠብ እጄ ተሰነጣጥቋል። እንግዳ የተቀመጠበትን በአልኮል እወለውላለሁ፤ ጉርሻ ሲዘረጉልኝ ላብ ያጠምቀኛል። ባለቤቴን “ጠርቷል ወይ?” እያልኩ አሰልችቼዋለሁ። ጎረቤቴ የሰጠችኝን ዲያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ ኪኒን ግማሽ ግማሽ ስውጥ ቀለል ይለኛል። ከበዓላቱ በኋላ እታከማለሁ። ለአሁኑ ከበረኪና የተሻለ ጀርም የሚገድል ነገር ይንገሩኝ።

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ጀርም ማጥፊያ ነው። እንቅልፍ የነሳዎት ግን ሌላ ይመስለኛል፦ “በእኔ እጅ የተነሳ አንድ ሰው ቢታመምስ? ወይስ እኔው እያበድኩ ነው?” እያበዱ አይደለም። እጥበቱ ከልክ ማለፉን ያውቃሉ፣ ማቆም ግን አቅቶዎታል፤ ይህ ኦሲዲ የሚባለው፣ የሚያስጨንቅ ሐሳብ እየተመላለሰ አንድን ድርጊት የሚያስደጋግም የአእምሮ ሕመም ዋነኛ መልክ ነው። የታወቀ ሕክምናም አለው። የእምነት ጉድለት ወይም የባሕርይ ድክመት አይደለም። ጸበል መጠመቅ ከፈለጉ ይጠመቁ፤ መድኃኒት ሲጀምሩ ግን ለጸበል ብለው አያቋርጡት።

ሲታጠቡ ጭንቀቱ ይወርዳል፤ አእምሮዎም “ያዳነኝ እጥበቱ ነው” ብሎ ይይዘዋል። ዛሬ ሦስት ዙር ከበቃው፣ ለከርሞ ስድስት ይጠይቃል። ስለዚህ ከበረኪና የበረታ ነገር ብነግርዎ ሕመሙን መቀለብ ይሆንብኛል። በዓል የሚያባብሰው ደግሞ አገሩ ሁሉ ስለሚያግዘው ነው። ዶሮ አጥርታ የምታጥብ ሴት ባለሙያ ትባላለች እንጂ ታማለች አትባልም።

ስለ ዶሮው እውነቱን ልንገርዎ። ውሃ ጀርሙን አይገድለውም፤ ይልቁንም ፍንጣሪው ጀርሙን ወደ ሳህኑና ወደ ሰላጣው ያዳርሰዋል። የሚገድለው እሳት ነው። የዶሮ ሥጋ ውስጡ ድረስ 74 ዲግሪ ሲደርስ ሳልሞኔላም ሌላውም ያልቃል፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ነው፤ የእርስዎ ወጥ ደግሞ ለሰዓታት ሲንተከተክ ይቆያል። (ይህን አንቀጽ አንድ ጊዜ ብቻ ያንብቡት። እየተመለሱ ካነበቡት እሱም ሌላ እጥበት ይሆናል።)

ለዘንድሮ እንዲህ ያድርጉ። ከበዓሉ ሳምንት ቀደም ብለው፣ እንደ ማንኛውም ሰው ዶሮ ከሚያጥብ ዘመድ ጋር ቁጥር ይወስኑ፦ አንድ ጊዜ በሎሚና በጨው መዘፍዘፍ፣ ሦስት ጊዜ ውሃ መለወጥ፣ አበቃ። አራተኛው ዙር ሲያምርዎት ሳፋውን ይድፉና 12ቱን ብልት በራስዎ እጅ ቁሌቱ ውስጥ ይጨምሩ። እጅዎን በሳሙና 20 ሰከንድ አንድ ጊዜ ይታጠቡ። ከዚያ ጭንቀቱ ይንር፤ ከኩሽና አይሽሹ። ሳይታጠቡ ከቆዩ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ በራሱ ይበርዳል። ሕክምናው በዋናነት ይኸው ነው፤ ከባለሙያ ጋር ከቀላሉ ወደ ከባዱ እየወጡ የሚሠሩት። የበር እጀታ ከ10 ሦስት ካስጨነቀዎት ከእሱ ይጀምሩ። ጉርሻ ዘጠኝ ከሆነ ለዘንድሮ ይቅርብዎ፤ “ጠግቤያለሁ” ማለት ነውር የለውም።

አሁን ወደ በረኪናው፤ እዚህ ላይ አልለሳለስም። በረኪና ለሰው ቆዳ የተሠራ አይደለም። የተሰነጣጠቀ እጅ ደግሞ ጀርም የሚገባበት በር ነው፤ የፈሩትን ነገር ራስዎ እየጠሩት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሳሙናና ቫዝሊን ብቻ። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ግን የዋዜማ ሌሊት ኩሽናዎ ነው፦ አንዱ ሳፋ ውስጥ ሎሚ፣ አጠገቡ በረኪና፣ መስኮቱ ዝግ። በረኪና ከሎሚ፣ ከአቼቶ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ደረት ይጨመድዳል፤ ሳንባ ውስጥ ውሃ ሊቋጥርም ይችላል፤ ይህ የሚመጣው አንዳንዴ ከሰዓታት በኋላ ነው። ሽታው ከመጣ ሳፋውን ላንሳ አይበሉ፤ ሁሉን ትተው ልጆቹን ይዘው ወደ ደጅ ይውጡ። ሳሉ ወይም የትንፋሽ ማጠሩ ካልተወዎት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ አምቡላንስ በ907 ይጥሩ። ወተት መጠጣት የተነፈሰ ጋዝ አያረክስም፤ “ወተት አጠጧት” እያሉ ሰዓት የሚያባክኑ ሰዎችን አያዳምጧቸው።

ደግሞ አንድ ነገር፦ በረኪናውን የሚያስቀምጡት በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ዋናው ዕቃው ይመልሱት፤ ዋናው ዕቃ ከሌለ ይድፉት። በዓል ነው፤ የእንግዳ ልጅ ይጠማዋል፣ ሃይላንድ ያያል፣ ይጎነጫል። ከጠጣ በግድ አያስመልሱት፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥለዋል። አፉን አጉመጥሙጠው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ለሽንት ቤት ወለል ብቻ ከሆነ 20 ሚሊ ሊትር በረኪና በአንድ ሊትር ውሃ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ በሳምንት አንዴ ይበቃል።

ዲያዜፓሙስ? የጎረቤት መድኃኒት የሚዋጠው በምን ሒሳብ ነው? ጭንቀት በራሱ እንደሚወርድ አእምሮዎ እንዳይማር ያግደዋል፣ ልማድ ይሆናል፣ ከበዓል ጠላና ጠጅ ጋር ሲሆን ደግሞ ትንፋሽ ሊያደክም ይችላል። በየቀኑ ለሳምንታት ወስደው ከሆነ ግን በአንዴ አያቁሙት፤ የሚጥል በሽታ ሊያስነሳ ስለሚችል ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስልዎ።

ባለቤትዎ “ጠርቷል” ብለው አንድ ጊዜ ይመልሱ። እርስዎ ሁለተኛ ሲጠይቋቸው “መልሼልሻለሁ” ብለው እሳቸው ዝም ይበሉ። ጭካኔ ይመስላል፤ ግን ያግዛል። እንግዳ የተቀመጠበትን ሶፋ ደግሞ ለእርስዎ ብለው እሳቸው እንዳይወለውሉት።

“ከበዓላቱ በኋላ” የሚለውን ስድስት ዓመት ብለውታል። ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 11 ያለው 12 ቀን ነው፤ ጥምቀት ደግሞ ውሃ ሲረጭ የሚውልበት፣ ትከሻ ለትከሻ የሚጋፉበት ቀን ነው። ስለዚህ አማኑኤል ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ባለው በሚቀርብዎ ሆስፒታል በዚህ ሳምንት ካርድ ያውጡ። መብላትና መጠጣት ካቃተዎት ወይም ሕይወትዎን ስለማጥፋት ካሰቡ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ያኑ ቀን ይሂዱ።

ፍሉኦክሰቲን የሚባል የዚህ ሕመም መድኃኒት ሊታዘዝልዎ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ20 ሚሊ ግራም ይጀመራል፣ ለዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ ወደ 40 ወይም 60 ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማቅለሽለሽና መረበሽ ቢኖር ለሐኪሙ ይንገሩ እንጂ አይጣሉት። የሚረዳ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ ለዘንድሮው የገና በዓል አይደርስም። ጾም ላይ ከሆኑ ኪኒኑን አይዝለሉ፤ በቀን አንዴ ስለሚወሰድ ጾሙን ሲፈቱ ይውጡት። እርጉዝ ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ።

ሲቀርቡ “ጭንቀት አለብኝ” ብለው አያብቁ። በቀን ስንት ጊዜ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚታጠቡ የሦስት ቀን ጽፈው፣ የዲያዜፓሙን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ፤ እጅዎንም አይደብቁ።