ዛንጊፍ ለምን ይዘልብኛል? የግራብ ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ዙር የደረሱን ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለ ግራብ፣ ማለትም ተጋጣሚን ይዞ ስለ መጣል፣ ናቸው። ጨዋታዎቹ ስትሪት ፋይተር 6 እና ተክን 7 የሚባሉት የፍልሚያ ቪዲዮ ጌሞች ናቸው። ሁለቱም በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ምስል፣ ስለሚሄዱ አንድ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ግን ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ስናያቸው ከጣት ፍጥነት ይልቅ እንቅስቃሴው መቼ ተጀመረ የሚለው ነው የሚያስቸግረው።

«በስትሪት ፋይተር 6 ዛንጊፍ የሚባለውን ገጸ ባሕርይ እጫወታለሁ። ስክሩ ፓይልድራይቨር የሚባለውን ግራቡን ለማውጣት አቅጣጫውን ሙሉ ዙር ሳዞረው ብዙውን ጊዜ ይዘልብኛል። ጣቴ ቀርፋፋ ነው ማለት ነው?» ከሐዋሳ

ጣትህ ደህና ነው። ዙሩ «ላይ»ን ስለሚያካትት፣ «ላይ» ደግሞ መዝለያ ስለሆነ ነው የሚዘለው። ሆኖም በስትሪት ፋይተር 6 ገጸ ባሕርይው «ላይ» እንደተነካ ወዲያው ከመሬት አይነሳም፤ መጀመሪያ ለ4 ፍሬም ጉልበቱን ያጥፋል። ያ 67 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። የቡጢው ቁልፍ በዚያ ውስጥ ከደረሰ ዝላዩ ቀርቶ ግራቡ ይወጣል፤ ካለፈ ዛንጊፍ አየር ላይ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማስተካከያ፦ ዙሩን እስከ መነሻው ለመመለስ አትድከም። ከ«ፊት» ጀምረህ በ«ታች» በኩል ወደ «ኋላ» አዙር፤ ከ«ኋላ» ወደ «ላይ» ስትወጣ ቡጢውን አብረህ ንካ። ብዙዎች «ላይ»ን አልፈው እንደገና «ፊት» እስኪደርሱ ይጠብቃሉ፤ አራቱ ፍሬም የሚያልቀው እዚያ ጋ ነው። ዙሩ ከየትኛውም አቅጣጫ ቢጀምር፣ በየትኛውም ወገን ቢዞር ይሠራል፤ አውራ ጣትህ የሚቀለውን ይምረጥ።

ሁለተኛው መንገድ የተሻለ ነው፤ በእውነተኛ ግጥሚያም የምታየው በአብዛኛው እሱን ነው፦ ዙሩን ሌላ እንቅስቃሴ ውስጥ ደብቀው። ዛንጊፍ ጃብ (ፈጣን ቀላል ቡጢ) እየሰነዘረ ወይም ወደ ፊት እየተወረወረ (ዳሽ) ሳለ መዝለል አይችልም። ያኔ «ላይ»ን ብትነካ ምንም አይሆንም፤ ጨዋታው ግን አቅጣጫውን ይመዘግባል። ወደ ፊት ዳሽ አድርግ፣ ዳሹ ሳያልቅ ዙሩን ጨርስ፣ ዳሹ ሲያበቃ ቡጢውን ንካ። ቀድመህ አዙረህ ቡጢውን ካዘገየኸው ጨዋታው ዙሩን ይረሳዋል፤ ስለዚህ ዙሩ የዳሹ መጨረሻ አካባቢ ይሁን።

ልምምድ ስታደርግ የነካሃቸውን አቅጣጫዎች የሚያሳየውን ዝርዝር ክፈት። ግራቡ ሳይወጣ ሲቀር እንደገና ከመሞከርህ በፊት ዝርዝሩን አንብብ። አንድ አቅጣጫ ከጎደለ አውራ ጣትህ እየዘለለ ነው፤ አቅጣጫዎቹ ሁሉ ኖረው ቡጢው ከ«ላይ» ብዙ ፍሬም ዘግይቶ ከመጣ ችግሩ ሰዓቱ ነው። የሁለቱ መድኃኒት ይለያያል፤ ሳይለዩ ደጋግሞ መሞከር ስሕተቱን ያስለምዳል። ከ10 ሙከራ 8 ሲሳካ ወደ ሌላው ወገን ዙርና ከዜሮ ጀምር።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ቀላሉ ቡጢ ከሩቅ ይይዛል፣ ከባዱ ቡጢ ብዙ ይጎዳል። እስክትለምድ በቀላሉ ተለማመድ።

«ተጋጣሚዬ ጃቤን ብሎክ ሲያደርግ (ሲመክት) ወዲያው ስክሩ አወጣለሁ፤ ዛንጊፍ ግን ባዶ አየር አቅፎ ይቀራል። ርቀቱ ቅርብ ነው።» ከአዲስ አበባ፣ መገናኛ

ቸኩለሻል። ብሎክ ላይ ያለ ሰው፣ ማለትም ከመታው ነገር ገና ያልተላቀቀ፣ በግራብ አይያዝም። ከተላቀቀ በኋላም ጥቂት ፍሬም እንዳይያዝ ጨዋታው ይጠብቀዋል። አንቺ ዘንድ የሚሆነው ደግሞ ይመስለኛል ከዚህ የባሰ ነው፦ ቡጢውን ጃቡ እንዳረፈ ስለምትነኪው ጃቡ ተሰርዞ በስክሩ ይተካል። ተጋጣሚሽ ያኔ ገና ብሎክ ላይ ነው፤ ዛንጊፍ ደግሞ ሲስት እጁን ለመሰብሰብ ብዙ ጊዜ ይወስድበታል፤ ሙሉ ኮምቦ፣ ማለትም ተከታታይ ምት፣ ይበላል።

ጃቡ ሙሉ በሙሉ ይመለስ። ዙሩን በጃቡ ውስጥ አዙሪው፣ የዛንጊፍ ክንድ ወደ ደረቱ ሲመለስ ቡጢውን ንኪ። በልምምድ ክፍሉ ያለው የፍሬም መለኪያ የሁለታችሁን ሁኔታ በቀለም ያሳያል። የተጋጣሚው የብሎክ ቀለም ካለቀ በኋላ ግራቡ የሚይዝበት ፍሬም ሲመጣ ትክክል ነሽ፤ ቀለሞቹ ከተደራረቡ ገና ነው። ከዚያ አሻንጉሊቱ፣ ማለትም የልምምድ ክፍሉ ተጋጣሚ፣ ከብሎክ በኋላ ወዲያው ጃብ እንዲመታ አድርጊው። ጃቡ ከመታሽ ዘግይተሻል። በሁለቱ መሐል ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ ግን ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ እጅ ይለምደዋል።

ሰዓቱ ተስተካክሎም ተጋጣሚሽ ከዘለለ አታገኚውም። ለመዝለል ጉልበቱን ሲያጥፍ እንኳ ግራብ አይይዘውም። ያ የሰዓት ስሕተት አይደለም፤ እሱ በትክክል ገምቷል። በሚቀጥለው ጊዜ ቆመሽ ጠብቂውና ከአየር ላይ አውርጂው።

«በስትሪት ፋይተር 6 ተራውን ግራብ ለመፍታት፣ ማለትም ሲይዙኝ ለማምለጥ፣ የፕሌይስቴሽኑን ካሬና ኤክስ ቶሎ ቶሎ እነካለሁ። አንዳንድ ተጫዋቾች ግን ወደ ኋላ ፈቀቅ ይሉና ክፉኛ ይቀጡኛል።» ከባሕር ዳር

ተራው ግራብ በ5 ፍሬም ይወጣል፤ ያ 83 ሚሊሰከንድ ነው። ዓይቶ የሚደርስ ሰው የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ይገምታል። ፈቀቅ የሚለው ተጫዋች ግምትህን ያውቀዋል፦ ሊይዝህ የመጣ መስሎ ቀርቦ ይመለሳል፣ አንተ አየር ትይዛለህ፣ እሱ ይቀጣሃል። የብዙዎቹ ገጸ ባሕርያት ተራ ግራብ 1200 ጉዳት ያደርሳል፤ ግራብህን አስቶህ መልሶ ሲይዝህ 2040 ይሆናል። ከ10,000 ጤና ላይ ይህ ቀላል አይደለም።

መፍትሔው ማዘግየት ነው። «ታች ኋላ» ይዘህ ብሎክ አድርግ፣ ሁለቱን ቁልፎች ከልማድህ ጥቂት ፍሬም አዘግይተህ አንድ ጊዜ ብቻ ንካ። ከመታህ ብሎክ ላይ ስለሆንክ ግራብህ አይወጣም፤ ከያዘህ ይፈታል። ፈቀቅ ለሚለው ግን ይህም አያድንም። እሱን ያየህ ጊዜ ቁልፉን አትንካ፣ አንዳንድ ግራብ ተቀበል። አንድ ጊዜ መያዝ በኮምቦ ከመቀጣት ይሻላል።

የዛንጊፍ ስክሩ ደግሞ በምንም አይፈታም፤ መዝለል ወይም መራቅ ነው።

«ጌም ቤት ውስጥ ተክን 7 ላይ ኪንግ በሚባለው ገጸ ባሕርይ የሚጫወት ልጅ አለ። ጃየንት ስዊንግ የሚባለውን ግራቡን አንድም ቀን ፈትቼው አላውቅም።» ከአዳማ

በተክን 7 የግራብ መፍቻው መስኮት 20 ፍሬም ነው፤ 333 ሚሊሰከንድ። ሰው ላየው ነገር ምላሽ ለመስጠት በአማካይ ከ200 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ይበቃሃል፤ ግን ምን እንደምታይ ቀድመህ ካወቅህ ብቻ።

የምታየው እጁን ነው። የግራ እጁ ቀድሞ ከመጣ ካሬ፣ ቀኙ ከመጣ ትሪያንግል፣ ሁለቱም ከተዘረጉ ካሬና ትሪያንግል አብረው። ጃየንት ስዊንግ በካሬ ይፈታል። ግራ ስል የኪንግን ግራ ማለቴ ነው፣ የስክሪኑን አይደለም። በአንድ ወገን ብቻ የለመዱ ልጆች ወገን ሲቀየር የሚጠፋባቸው ለዚህ ነው።

ቁልፎቹን መደብደብ አይጠቅምም። ጨዋታው የመጀመሪያውን ንክኪ ይቆጥራል፤ ተሳስተህ ከጀመርክ ቀጥሎ ትክክለኛውን ብትነካም አልፏል። ሁለቱን አብሮ መንካት ሲያስፈልግ አንዱ ከቀደመ እንደዚያው ይከሽፋል፤ ስለዚህ በሁለት ጣት ሳይሆን አውራ ጣትህን በሁለቱ ቁልፎች መሐል አጋድመህ ተጫን።

ልጁን ጠይቀው፣ ተለዋውጣችሁ ተለማመዱ። መጀመሪያ ጆይስቲኩን አስቀምጥና እጁን ስታይ «ግራ»፣ «ቀኝ»፣ «ሁለቱም» ብለህ ጮክ ብለህ ጥራ። ጥሪህ ትክክል እስኪሆን ቁልፍ አትንካ። ዓይን ሳይለይ እጅ ቢፈጥን ዋጋ የለውም። በሦስት በአራት ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ ጥሪው ራሱ ወደ ጣት ይወርዳል።

መቀመጥም አለ፤ ቆሞ የሚይዝ ግራብ የተቀመጠን ያልፈዋል። ግን ኪንግ ይህን ስለሚጠብቅ መቀመጥህን ባየ ቁጥር ከታች የሚያነሳ ምት ይሰጥሃል።

«ቤት ስለማመድ የሚሳካልኝ ጌም ቤት ስሄድ ይጠፋል።» ከዚያው ከአዳማ፣ ሌላ አንባቢ

ቴሌቪዥኑን እይ። ምስልን የሚያሳምሩ ቅንብሮች ምስሉ ስክሪን ላይ ከመውጣቱ በፊት ጊዜ ይበላሉ፤ 50 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ 3 ፍሬም ሄደ። ከምስል ቅንብሩ ጌም ሞድን አስበራ። ለጃየንት ስዊንጉ ጠያቂም ይኸው ይሠራል፦ ከምላሽ በኋላ የሚተርፈው 100 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ከዚያ ላይ ቴሌቪዥኑ ግማሹን ከወሰደው እጅን አይቶ መፍታት ወደ ግምት ይለወጣል። ያረጀ ጆይስቲክም አቅጣጫ ይዘልላል፤ አንድ ዙር አዙረህ ዝርዝሩ ላይ ሁሉም አቅጣጫ መታየቱን ከመክፈልህ በፊት አረጋግጥ።

«እኔ ዱባይ፣ ወንድሜ አዲስ አበባ፤ በኦንላይን ስትሪት ፋይተር 6 እንጫወታለን። የዙሩን ሰዓት መቀየር አለብኝ?»

የራስሽን አትቀይሪ። ጨዋታው የሚጠቀመው ሮልባክ የሚባለውን ዘዴ ነው፤ አንቺ የነካሽው ብዙም ሳይዘገይ ይወጣል፣ የሚዘገየው የወንድምሽ እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ ዳሽና ስክሩ እንደ ልምምድሽ ይቆያል። የሚበላሸው አይቶ ምላሽ መስጠት ነው፤ የእሱ እንቅስቃሴ መጀመሪያው ተቆርጦ ይደርስሻል። ሁለታችሁም ከዋይፋይ ይልቅ ኬብል ብትጠቀሙ መቆራረጡ ይቀንሳል።

«ሁለት ሙሉ ዙር የሚጠይቀውን የዛንጊፍ ሱፐር፣ ማለትም ኃይለኛውን ልዩ እንቅስቃሴ፣ ቆሜ ማውጣት ይቻላል?» ከመቀሌ

የዛንጊፍ ሦስተኛ ደረጃ ሱፐር 720 ዲግሪ ነው። ቆሞ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ለእሱ አትልፋ። ከዝላይ ጀምር፦ አየር ላይ ሳለህ አንዱን ዙር ጨርስ፣ ሁለተኛውን ልታርፍ ስትል አዙርና እግርህ መሬት እንደነካ ቡጢውን ንካ። ቡጢው ከማረፍህ በፊት ከደረሰ የአየር ምት ይወጣል፤ ያ ከታየህ ዙሩ ደህና ነው፣ ቁልፉን ብቻ አዘግየው።